አቦል፦ ስም የወጣለት፣ አየሩ ያልተነበበ ፕላኔት



ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮች ለሩቅ ኮከቦችና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ሲጋበዙ፣ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውንም ፕላኔት «አቦል» ብላ መሰየሟ፣ የጊምቢና የአካባቢው ጀንፈል ተፈልፍሎ በነቀምቴ ስም ለዓለም ገበያ በሚቀርብበት በወለጋ ለሚመረቅ ተማሪ ባዕድ ወሬ አይደለም። ኮከቡ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሚርቅ፣ ዛሬ የሚታየው ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው በከሬ ጎዳና የሌቃ ነቀምቴን መንግሥት ገና ሳይመሠርቱ ነው።

አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ሲሆን፣ በ990 ቀናት ገደማ የሚዞረው ምሕዋሩ እጅግ የተለጠጠ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ምድር ለፀሐይ ከምትቀርበው ይበልጥ ወደ ኮከቡ ይጠጋል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማርስ ከፀሐይ ከምትርቀው በላይ ይርቃል። የሚደርሰው ሙቀት እንዲህ የሚዋዥቅበት ከባቢ አየር ምን እንደሚመስል ማወቅ ያጓጓል፤ ስም ማውጣቱ ግን ቀላሉ ሥራ ነበር።

የሩቅ ፕላኔት አየር በአብዛኛው የሚጠናው ትራንዚት በሚባለው ክስተት ነው፤ ይኸውም ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ የፕላኔቱን ጠርዝ የከበበውን ስስ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የብርሃን ቀለሞች ውጦ ያስቀራል። ሀብል ቴሌስኮፕ ኤችዲ 209458 ቢ በተባለው ፕላኔት አየር ውስጥ ሶዲየም እንዳለ ያሳየው፣ ከ10,000 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ በሆነ ተጨማሪ መደብዘዝ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቀው ዋስፕ-39 ቢ በተባለው ፕላኔት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ቀጥሎም ሰልፈር ዳይኦክሳይድን አገኘ፤ የኋለኛው ግኝት የኮከቡ ብርሃን ራሱ በፕላኔቱ አየር ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥ እንደሚያካሂድ ስላሳየ ከፊተኛው ይልቅ ይመዝናል።

አቦል ግን በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ታይቶ አያውቅም፤ መኖሩ የታወቀው ኮከቡን ወዲያና ወዲህ በሚጎትተው ስበቱ ብቻ ነው። ተራው የሚደርሰው ደካማ ብርሃኑን ከኮከቡ ነጥሎ የሚያይ መሣሪያ ሲሠራ ሲሆን፣ እስከዚያው የዋስፕ-39 ቢ ልኬቶች ለማንም ክፍት ስለሆኑ፣ ፊዚክስ የተማረና ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ተመራቂ እዚሁ ነቀምቴ ተቀምጦ የጋዞቹን አሻራ ከመረጃው ሊያወጣ ይችላል።