እንግዳው የት ያድራል? ወልቂጤና ቡታጅራ በውጭ አገር ጐብኚዎች ዕቅድ ውስጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ቱሪዝም ሲነገር አስቀድሞ የሚነሳው ለዓይን የሚታየው ነገር ነው፤ ሐውልቱ፣ ተራራው፣ ሐይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ለመሐንዲስ ግን ይበልጥ የቀረበ ነው። ይኸውም እንግዳው የሚያየውን አይቶ ካበቃ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የት ያድራል? የሚለው ጥያቄ ነው። አገር ከውጭ ጐብኚ የምታገኘው ምንዛሪ በአመዛኙ ከመኝታ፣ ከምግብና ከመጓጓዣ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ እንግዳ ያየው ቦታና እንግዳ ያደረበት ከተማ የሚያገኙት ጥቅም አንድ አይደለም። አንዱ ስም ያገኛል፤ ሌላው ገበያ። ይህ ልዩነት በጉራጌ አገር ጐልቶ ይታያል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በሶዶ ወረዳ፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው በሥፍራው 36 ሐውልቶች መኖራቸውን፣ ከእነዚህም 32ቱ የተቀረጹ መሆናቸውን አስፍሯል። በድንጋዮቹ ላይ የሰይፍ ቅርጽ በጉልህ ይታያል፤ የብዙዎቹ ምልክቶች ትርጉም ግን እስካሁን በሚገባ አልተፈታም። ፈረንሳዊው ሮጀ ዡሶም የመሩት ቁፋሮ ሥፍራው የመቃብር ቦታ መሆኑን አሳይቷል። ከዚሁ መንገድ ሳይወጡ፣ ወደ አዲስ አበባ ቀረብ ብሎ፣ የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት የቅድመ ታሪክ ሥፍራ አለ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ተመዝግቧል። በአንድ አስፋልት ላይ፣ በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ፣ ሁለት የዓለም ቅርሶች ማለት ነው።

ጢያ ከተመዘገበ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚጐበኘው ግን በአብዛኛው በአንድ ቀን የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። እንግዳው ጧት ከአዲስ አበባ ይነሳል፤ መልካ ቁንጡሬን ያያል፤ ወደ አዳዲ ማርያም ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ጐራ ይላል፤ ጢያ ደርሶ ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ለራት አዲስ አበባ ይገባል። ቡታጅራ ከዚያ ወዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይቀራታል፤ መኪናው ግን ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ማታ አዲስ አበባ ላይ ክትፎ በቆጮ ቢያዝ እንኳ የጉራጌን ምግብ የቀመሰው ከጉራጌ አገር ከወጣ በኋላ ነው።

ለዚህ ሁኔታ መንግሥት አልጣረም ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም በኃላፊነት የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ከነዘመን አቆጣጠሯ ለዓለም ያስተዋወቀውን «የ13 ወር ፀጋ» የተባለውን መፈክር አወጡ። ባሕር ዳርን፣ ጐንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን የሚያገናኘው የታሪክ ጉዞ መስመርም በዚያ ዘመን ተጠናከረ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሥራው በኮሚሽን ደረጃ ተዋቀረ፤ ዋና ዋናዎቹ ሆቴሎች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ይሁን እንጂ የውጭ ዜጋ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመጓዝ የይለፍ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለነበር፣ በአንድ እጅ እየጋበዙ በሌላው መከልከል ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል አስጐብኚ ድርጅቶች በዙ፤ በ2001 ዓ.ም. የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ተፈቀደ፤ በ2014 ዓ.ም. ቱሪዝም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2019 በየዓመቱ ከ800 ሺህ በላይ እንግዶች ወደ አገር መግባታቸው ተመዝግቧል። ቁጥሩ ለስብሰባና ለንግድ የመጣውን፣ ዘመድ ለመጠየቅ የገባውንም ስለሚጨምር የጐብኚ ቁጥር ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም የሰሜኑ ጦርነት ተከታትለው መጡና ሥራው በአንድ ጊዜ ወደቀ።

ከእነዚህ ጥረቶች ሁሉ ለመሐንዲስ ትኩረት የሚገባው በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ነው። ጐርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን የመረጠው ይህ ዕቅድ ከቀድሞዎቹ የሚለየው ከማስታወቂያ ይልቅ ግንባታን በማስቀደሙ ነው። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ከሌለ መፈክር ብቻውን እንደማያሳድር የተቀበለ ዕቅድ ነው ማለት ይቻላል። ከሦስቱ ወንጪ ለጉራጌ የቅርብ ጎረቤት ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል የመደበው ይህ ሥፍራ ከወሊሶ በላይ ነው፤ ወሊሶ ደግሞ በጅማ መንገድ ከወልቂጤ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። እንግዲህ በምሥራቅ በኩል ጢያ፣ በምዕራብ በኩል ወንጪ እንግዳ ይስባሉ፤ ከሁለቱም ቦታ እንግዳው የሚመለሰው ወደ አዲስ አበባ ነው። ቡታጅራና ወልቂጤ እንግዳው ሳይደርስባቸው ከሚመለስበት ነጥብ ትንሽ አለፍ ብለው ተቀምጠዋል።

ይህ የሆነው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ካርታውን መመልከት ይበቃል። ሁለቱ መንገዶች ከአዲስ አበባ አብረው ይወጡና ዓለም ገና ላይ ይለያያሉ። አንዱ በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤንና ጅማን ይይዛል፤ ሌላው በጢያ አልፎ ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይወርዳል። በመካከላቸው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ቆሟል። ቡታጅራ በተራራው ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወልቂጤ በወዲያኛው ተዳፋት 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የሰንሰለቱ ጫፍ ግን ከ3,500 ሜትር ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም በአካባቢው የተካሄደው አደረጃጀት ወልቂጤን የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ አደረጋቸው። ሁለቱ ከተሞች ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ሁለቱ ዋና መንገዶች የተሟላና በየትኛውም ወቅት የሚያስተማምን መስመር በተራራው ላይ እርስ በርስ አያገናኛቸውም።

ይህ መስመር በደረጃው ቢሠራ የደርሶ መልሱ ጉዞ ወደ ዙር ጉዞ ይለወጣል። እንግዳው መልካ ቁንጡሬንና ጢያን አይቶ የመጀመሪያውን ሌሊት ቡታጅራ ያድራል፤ በማግስቱ ተራራውን ወጥቶ፣ በእንሰት የተከበቡትን መንደሮች አቋርጦ፣ ወልቂጤ ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን በወንጪ በኩል አዲስ አበባ ይመለሳል። ጊዜ ያለው ሰው ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከቡታጅራም በስልጤ በኩል ወዳለው ወደ ሐረ ሸይጣን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሊያመራ ይችላል። ዛሬ ባዶ የሆነው የሌሊት ቁጥር ሁለት ይሆናል። አንድ አዲስ ሐውልት ሳይገኝ፣ አንድ አዲስ መፈክር ሳይወጣ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ከ2,100 ሜትር ተነስቶ ከ3,000 በላይ የሚወጣና እንደገና ወደ 1,900 የሚወርድ መንገድ ዋና ጠላቱ የተሽከርካሪ ክብደት ሳይሆን ውሃ ነው። ክረምቱ ከባድ በሆነበት፣ ተዳፋቱ በሚያዳልጥበት አገር ቦይ፣ ድልድይና የድጋፍ ግንብ ካልቀደሙ አስፋልቱ ለጥቂት ክረምት ብቻ የሚቆይ ጌጥ ይሆናል። ከግንባታው በጀት ጋር የጥገናው በጀት አብሮ ካልተያዘም ባይጀመር ይሻላል።

ለአካባቢው ሕዝብ መንገድ የመሥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር በአዲስ አበባ የሚኖሩትንና በአገር ቤት ያሉትን ተወላጆች መዋጮ አሰባስቦ፣ ዛሬ እንግዳ ወደ ጢያ የሚሄድበትን አቅጣጫ የከፈተ ማኅበር ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ ማኅበር የሚመለከት ነበር። በምዕራቡም ወገን እንዲሁ ለመንገድ ሥራ የተቋቋመ የጉራጌ ድርጅት ነበር። እነዚያ ሰዎች መንገድ ሲሠሩ የውጭ ጐብኚ በሐሳባቸው አልነበረም፤ እናታቸውን ለመጠየቅና እህላቸውን ገበያ ለማድረስ ነበር የፈለጉት። ጐብኚው የመጣው በእነርሱ መንገድ ነው።

መንገዱ ተሠርቶ እንግዳው ወልቂጤ ቢደርስስ? እዚህ ላይ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ እጦት መሯቸው ጀሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ። በተቃውሞው ላይ በተተኮሰ ጥይት ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ውሃ ጠይቆ የሞተ ሰው ባለበት ከተማ የሆቴል አልጋ ቁጥር ብቻ እየቆጠሩ ስለ ቱሪዝም ማውራት ለሙያውም ለኅሊናም አይስማማም።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው የውሃ አቅርቦት ግብ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ነበር። 50 እንግዶች የሚያስተናግድ አንድ ሆቴል ይሠራ እንበል፤ ገላ መታጠቢያው፣ ልብስ እጥበቱና ማእድ ቤቱ ተደምሮ ለአንድ እንግዳ በቀን 240 ሊትር ቢታሰብ፣ ሆቴሉ በቀን 12,000 ሊትር ይፈልጋል። ይህም በዕቅዱ ልክ የ200 ነዋሪዎች ድርሻ ነው። ሆቴሉ የራሱን ጉድጓድ ቢያስቆፍር ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ ግን የከተማው ጉድጓድና የሆቴሉ ጉድጓድ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ የሚቀዱ ከሆነ የተለወጠው ወረፋው የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የእንግዳው ፍላጎት ከመጀመሪያው በከተማው የውሃ ንድፍ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከፍ ያለ ታሪፍ የሚከፍለውም እርሱ መሆን ይገባዋል። የፍሳሹም ነገር እንዲሁ ነው፤ ውሃ የገባበት ቤት ሁሉ ያንኑ ያህል ፍሳሽ ያወጣልና።

ለዚህ ንድፍ የሚሆን መለኪያ ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በየዓመቱ በመስከረም አጋማሽ፣ ለመስቀል፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የጉራጌ ተወላጅ ወደ አገሩ ይጎርፋል። መንገዱ ይጨናነቃል፤ አልጋ ይጠፋል፤ የውሃና የመብራት ፍላጎት በአንድ ሳምንት ውስጥ ጣራ ይነካል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የጉራጌ ትልቁ ቱሪዝም እንግዲህ በምንዛሪ የማይቆጠረው የራሱ ሰው ጉዞ ነው። መንገዱም ውሃውም የመስቀልን ሳምንት እንዲችል ተደርጎ ከተነደፈ በቀሩት ወራት ለሚመጣው ባዕድ እንግዳ ይተርፋል፤ እንግዳው ባይመጣም ገንዘቡ በከንቱ አልፈሰሰም። ለባዕድ ብቻ ታስቦ የተሠራ ግን በአንድ ወረርሽኝ፣ በአንድ ጦርነት ባዶውን ይቀራል፤ የ2020ው ዓመት ይህን አሳይቷል።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ጀፎረ ነው። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቆሙበት ሰፊ የሣር ሜዳ ጀፎረ ይባላል። መንገድም ነው፣ የሠርግና የለቅሶ ሥፍራም ነው፣ የመስቀል ደመራም ይቆምበታል። ስፋቱን የሚጠብቀው ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ባህላዊው ሕግ ቅጫ ነው፤ አጥሩን ገፍቶ ጀፎረ የነካ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ያለ ቀያሽና ያለ ካርታ ይህን ያህል ዘመን የተጠበቀ የመንገድ ወሰን በከተሞቻችን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጐብኚ ሊያየው የሚገባውም ይኸው ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ አውቶቡስ መንደር ድረስ እንዲገባ በሚል ጀፎረው ጠጠር ከፈሰሰበት፣ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር የራሱ መኪና ጎማ ይበላዋል። መዳረሻ መንገድ ከጀፎረው ውጭ ማብቃት፣ የመኪና ማቆሚያውም ከመንደሩ ገንጠል ማለት አለበት፤ የቀረው በእግር ይኬዳል። ወሰኑ የት እንደሆነ ደግሞ ከንድፍ ክፍል ይልቅ የመንደሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ የቅየሳ ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ስብሰባ ከእነርሱ ጋር ይሁን።

ጢያ ላይም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንግዳው ቁጥር ሲጨምር መጸዳጃ ቤትና የመኪና ማቆሚያ መስፋቱ አይቀርም፤ ከጠጠሩና ከጣራው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ ሐውልቶቹ ሥር እንዳይሄድ የቦዩ አቅጣጫ ከግንባታው በፊት ተለክቶ መወሰን ይኖርበታል።