ሳይቃጠል በቅጠል፦ በጀት ሲጠብም የሥራ ቦታ ደኅንነት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ ስለ ተሸጠው ቡናና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ ብዙ ተነግሯል። እኔ የማነሣው ቡናውን የሚያዘጋጁልን ሰዎች፣ በተለይ ገንዘብ ባነሰን ጊዜ፣ በሰላም ገብተው በሰላም እንዲወጡ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

እንደሚታወቀው የጅማ አካባቢ ቡና ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በጀንፈል ደርቆ ይሸጥ ነበር፤ ገበያውም «ጅማ 5» እያለ በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛው ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን በጎማ፣ በጌራ፣ በማናና በሌሎችም ወረዳዎች በርካታ ማኅበራት የእሸት ቡና ማጠቢያ ኢንዱስትሪ ተክለዋል። ከአጋሮ አካባቢ የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ እስከ መውጣት ደርሷል። ይህ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ጀንፈል በደጃችን ስናሰጣ የማናውቃቸው ነገሮች አብረው መጡ፤ የሚሽከረከር ማሽን፣ ጥልቅ ገንዳና የሌሊት ሥራ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማኅበር የገጠመውን ልንገራችሁ። ብድሩ ዘግይቶ ነበርና ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ወደ እሸት ግዢ ዞረ። የመፈልፈያው ቺንጋ መከለያ እንደ ተሰበረ ሥራ ተጀመረ። በኅዳር ወር አንድ ምሽት ማሽኑ ሲታፈን አንድ ወጣት ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ሰደደ፤ ሁለት ጣቶቹንም አጣ። ልጁ የዚያው ማኅበር አባል ልጅ ነው። መከለያውን ለማስበየድ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለሕክምና ከወጣው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በዚያ ሌሊት የተረከቡት እሸትም ሳይፈለፈል አድሮ ጥራቱ ተበላሸ። ታዲያ የተቆጠበው ምኑ ነው?

ሕጉም ቢሆን «ገንዘብ የለንም» የሚለውን ምክንያት አይቀበልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲያቀርብና የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ የ5 ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል። ከፋዩም ማኅበሩ፣ ማለትም እኛው አባላቱ ነን።

ስለዚህ ሥራውን በሦስት እንክፈለው።

አንደኛው ሥርዓት እንጂ ብር የማይጠይቀው ነው። ማሽን ሲታፈን ሞተር ይጠፋል፤ ያጠፋው ሰው ራሱ ካልሆነ ማንም መልሶ አያስነሣውም። ነጠላና ሻርፕ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ቺንጋ አይጠጋም። ጄኔሬተር በተዘጋ ክፍል አይሠራም፤ ጭሱ ይገድላል። ማንም ብቻውን ገንዳ ውስጥ አይወርድም። ሕፃናት ወደ ማሽኑ አይቀርቡም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ሕጉ ይከለክላል።

ሁለተኛው ጥቂት ብር የሚጠይቀው ነው። የቺንጋ መከለያ፣ በቦዩና በገንዳው ዙሪያ በቂ መብራት፣ የማያንሸራትት ቦት ጫማ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥን እንዲሁም በፍሳሽ ጉድጓዱ ዙሪያ የእንጨት አጥር ያስፈልጋሉ። እንጨቱንና ጉልበቱን አባላት ሊያዋጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ከአንድ ዓመት በጀት በላይ የሆነው ነው። የኤሌክትሪክ መስመር መቀየርና በጀንፈል መፈልፈያ ቤት አቧራ መሳቢያ መትከል ከዚህ ይመደባሉ። አቧራውን አንናቀው። በአገራችን የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች በዚያ የሚሠሩ ሰዎች በሳልና በመተንፈሻ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። መሳቢያው እስኪገዛ መስኮት እንክፈት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እናድል፤ ወለል ሲጠረግም መራጮቹ እናቶችና እህቶች ወጥተው ይቆዩ።

ይህ ሁሉ ጊዜ አለው። ጥቅምት ላይ እሸቱ ደጃፍ ከተከመረ በኋላ ማሽን አቁሞ የሚጠግን የለም። ሥራው የሐምሌና የነሐሴ ነው። ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የቁጥጥር ኮሚቴው መከለያውን፣ መብራቱንና የጉድጓዱን አጥር በዓይኑ አይቶ ሳይፈርም ማንኛውም ጣቢያ እሸት አይረከብ። ለጥገና የተያዘ ገንዘብም ያለ ጉባኤው ፈቃድ ወደ ግዢ አይዙር። የወረዳ የሥራ ኃላፊዎችንም የምንለምነው አደጋ ከደረሰ በኋላ ለማጣራት ብቻ ሳይሆን፣ በክረምቱም ባለሙያ ልካችሁ ጉድለታችንን እንድትነግሩን ነው።

ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። የዘንድሮው ቢወርድ ለከርሞ ይመለስ ይሆናል። የተቆረጠ ጣት ግን አይመለስም።