የእጅ ፈተናና የአእምሮ ፈተና፦ የፍልሚያ ጌሞችን ለጀማሪ ስለ ማቅለል



ንግግሬን በአንድ ኑዛዜ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ታናሽ እህቴን «ስትሪት ፋይተር» እንድትጫወት ጋብዤ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ አሸነፍኋት። ከዘጠነኛው በኋላ ጆይስቲኩን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ምን እንዳደረግህ እንኳ አላየሁም» አለችኝ። ዳግመኛ አልነካችውም። ያን ጊዜ የትዕግሥት ማነስ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥፋቱ የእርሷ እንዳልነበረ አምናለሁ።

በዚህ ጨዋታ የእሳት ኳስ መወርወር የሚሻ ሰው አቅጣጫውን ከታች ወደ ፊት በማዕዘን አዙሮ፣ ወዲያውኑ የቡጢውን ቁልፍ መጫን ይኖርበታል። የለመደ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል። ጀማሪው ግን ሐሳቡ ሁሉ ጣቱ ላይ ስለሚሆን ተጋጣሚውን ማየት ይተዋል። የፍልሚያ ጌም ጣዕሙ ደግሞ ተጋጣሚን ማንበብ ነው፦ ይዘልል ይሆን? ይከላከል ይሆን? ወይስ እስክሳሳት ይጠብቀኛል? እህቴ እዚህ ጥያቄ ዘንድ ከቶ አልደረሰችም።

ካፕኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ስትሪት ፋይተር 6» ውስጥ «ሞደርን» የተባለ አማራጭ አለ። በዚህ አማራጭ ልዩ ምት በአንድ ቁልፍ፣ ቢበዛ አንድ አቅጣጫ ታክሎበት ይወጣል። በልዋጩ የምቱ ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ ከተራ ምቶችም አንዳንዶቹ ይቀራሉ። ነባር ተጫዋቾች ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም። ዘልሎ የሚመጣን ተጋጣሚ በአንድ ቁልፍ መምታት አቅጣጫ አዙሮ ከመምታት ይፈጥናልና። ቢሆንም ዓመታት የደከምሁበትን የጣት ልምድ ለመጠበቅ ብዬ ሌላውን ሰው ደጅ ላስቆም አልፈቅድም።

ሆኖም ቁልፍ ማቅለል ሽንፈትን አያስቀርም። ማሳሂሮ ሳኩራይ የነደፈው «ስማሽ ብራዘርስ» ከ1999 ጀምሮ ምቶቹን በአንድ ቁልፍና በአንድ አቅጣጫ ያወጣል፤ ጀማሪ ግን ዛሬም በብርቱ ተጫዋች ይረታበታል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ሁለተኛ ዕዳ አለበት፦ ተሸናፊው ለምን እንደተሸነፈ እንዲያውቅ ማድረግ። በእኔ ግምት ብዙ ጌሞች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው።

በቅርቡ እህቴን ለምኜ በ«ሞደርን» አጫወትኋት። ስድስት ጊዜ ተሸነፈች። ከስድስተኛው በኋላ ግን፣ «ስትዘል አይቼሃለሁ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ» ብላ ሰባተኛውን ራሷ ጀመረችው።