ስለ ሠጋር ፈረስና ስለ ሠጋር በቅሎ ጠባይና ጥቅም



የዛሬው ነገር ስለ ሠጋር ከብት ነው። ሠጋር የሚባለው ተቀማጩን ሳያንገጫግጭ ፈጥኖ የሚሄድ ፈረስ ወይም በቅሎ ነው። ይህን ያላየ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሠጋርነቱ በምን እንደ ሆነና ይልቁንም ለማን እንደሚጠቅም የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሠጋር በባለቤቱ እጅ ይበላሻል።

የፈረስ አካሄድ ልዩ ልዩ ነው፤ እርምጃ፥ ሶምሶማ፥ ስግሪያ፥ ደንገላሳ፥ ሽምጥ ግልቢያ ይባላል። በሶምሶማ ጊዜ የቀኝ የፊት እግርና የግራ የኋላ እግር አብረው ይነሣሉ፥ አብረውም ያርፋሉ፤ በመካከሉ ግን አራቱም መሬት ይለቃሉ። ተቀማጩ የሚነጥረው ስለዚህ ነው። በስግሪያ ጊዜ ግን እግሮቹ በየተራቸው ያርፋሉ፤ መሬት የያዘ እግር ሁልጊዜ አለና ጀርባው አይዘልም።

በቅሎ ከወንድ አህያና ከባዝራ ትወለዳለች፤ ራሷ ግን መካን ናት። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እየተባለ ይተረትባታል። በስግሪያ ነገር ግን መልሷ ከንቱ አይደለም፤ መልካም አካሄድ ይልቁንም በእናቷ በኩል ይመጣልና። ሠጋር በቅሎ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሠጋር ባዝራ ይምረጥ። በ2012 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስዊድን አገር ያሉ ሊቃውንት እንደ አይስላንድ ፈረስ ያሉት ሠጋሮች ይህን አካሄድ የሚያገኙት ከወላጅ በሚወረስ በአንድ ነገር ለውጥ መሆኑን ገልጠዋል። ቢሆንም ትውልድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጓሙን በለዘበ እጅ የሚይዝ አሠልጣኝ ያስፈልጋል።

በጅማ አገር የፈረስ ክብር የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓመት የገዙት ንጉሥ የታወቁበት «አባ ጅፋር» የሚለው ስም የፈረስ ስም ነው፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንንም አባ ቃኘው መባላቸው በዚሁ ልማድ ነው። ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች ባለው በሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች ቡናና ዝባድ እየጫኑ ይወጡ ነበር። ቋንቋችንም ሁለቱን ሥራ ለይቶታል፤ የጭነቱን አጋሰስ፥ የመቀመጫውን ሠጋር ይላል።

ይህ ልዩነት በተዘነጋ ጊዜ ምን ይሆናል? አንድ ባለ ቡና እናስብ። በጥቅምትና በኅዳር ቡና ሲለቀም አጋሰስ እንዳይከራይ ብሎ ጆንያውን በሠጋር በቅሎው ላይ ይጭናል። ጥቂት ገንዘብ ያተርፋል፤ የበቅሎዪቱ ጀርባ ግን ይላጣል፥ ገጣባም ትሆናለች። ቁስል ያለበት ከብት ሕመሙን ሲሸሽ ጀርባውን ያጐብጣል፥ እርምጃውንም ያሳጥራል፤ ስግሪያውም ይጠፋል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን አሮጊት እናቱ ትታመማለች። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና አይገባም፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጐልማሶችም ርቀዋል። በቅሎዪቱ በደጁ ቆማለች፤ ነገር ግን በሽተኛዪቱን ልትሸከም አትችልም።

በሰቶ ሰመሮ የተቀመጠ ሰው መኪናና ባጃጅ በቅርብ ያገኛልና ይህን ላያስበው ይችላል። በዴዶና በሰቃ፥ በጎማና በሊሙ ከመንገድ ርቆ በቡና ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የሚቀር ነገር አይደለም። ብርቱ ሰው በሶምሶማም ቢሄድ ይታገሣል፤ ሠጋር የሚያሻው ለሽማግሌ፥ ለበሽተኛና ለደካማ ነው።

ሠጋርን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው እነሆ። አንደኛ፥ አራት ዓመት ሳይሞላው ብዙ መንገድ አይሂዱበት። ሁለተኛ፥ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በእጅ ይዳሰስ፥ ያበጠ ቢገኝ እስኪድን ይረፍ። ሦስተኛ፥ አፉን የሚያቈስል ልጓም አይግባበት። አራተኛ፥ በእግሩና በአንገቱ ላይ ተከታትሎ እያበጠ የሚፈነዳ ቁስል ቢታይበት ከሌሎቹ ይለይ፥ ኮርቻውና ልጓሙም ለሌላ አይሰጥ፤ ይህ በሽታ በቁስልና በዕቃ ይጋባልና ለከብት ሐኪም ይነገር። አምስተኛ፥ የቆላ ዝንብ ባለበት በጊቤና በጎጀብ ሸለቆ አይሰንብት፤ ገንዲ ያገኘዋልና።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎች በቃል ብቻ አትንገሩ። በገበያ ቀን ወደ መንገድ ዳር አውጥታችሁ የከብቱን ኮቴ ያስተውሉ፤ የኋላው እግር የፊተኛውን ዱካ አልፎ የሚያርፍ እንደ ሆነ የመልካም ስግሪያ ምልክት ነው። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ ኮርቻ ሲወርድ ልጆቹን ጠርታችሁ እጃቸውን በጀርባው ላይ አኑሩላቸው። ትኩሳቱንና እብጠቱን በእጁ የለየ ልጅ፥ አድጎ ባለ ከብት ሲሆን በሠጋሩ ላይ ጆንያ አይጭንም።