ሰው በሚያውቀው ሥራ ስለ መናገሩ



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ተናጋሪዎች ነው። ይኸውም ሥራቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች፣ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም በሕዝብ ፊት ቆመው የሚያደርጉት ዲስኩር ምን ጥቅም እንዳለው፣ በገጠር ትምህርት ቤታችንም እንዴት ሊለመድ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። እኔ በንባብ ቤትና በቅኔ ቤት አድጌ ኋላ በጽሕፈት ሥራ የተቀመጥሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ስለ እርሻ ወይም ስለ ሕክምና ላስተምራችሁ አልደፍርም። ነገር ግን ጸሐፊ የሆነ ሰው ከማንም ይልቅ ብዙ ዲስኩር ይሰማል፤ ቃለ ጉባኤውን የሚይዝ እርሱ ነውና። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተነገረው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሁለት መስመር የማይሞላበት ጊዜ አለ። ደግሞ አንድ ሽማግሌ ስለ ውኃ ቦይ አሥር ደቂቃ ተናግሮ ሲቀመጥ ገጹ ሞልቶ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። የዚህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ስመረምር ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ።

ነገሬን ከዚሁ ከደጃችን ልጀምር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1894 ዓመት አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲጓዝ በባሌ አለፈ። ድሬ ሼኽ ሑሴንን አየ፤ የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ የሚገባበትን የሶፍ ዑመርን ዋሻም አየ። ከተመለሰ በኋላም ስለ ጉዞው በለንደን ለሚገኘው ለንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር አስረዳ፤ መጽሐፍም አሳተመ። ለዋሻውም ከራሱ አውጥቶ ዊንድሎን የሚል ስም ሰጠው። ባላገሩ ግን ዋሻውን የሚጠራው በሼኹ በሶፍ ዑመር ስም ነው፤ የፈረንጁም ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ እዚህ አልደረሰም።

ሰውየውን አልነቅፈውም። ባየው ነገር ተናገረ፤ ይህም የተናጋሪ ሁሉ ግዴታ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ዋሻ ለለንደን ጉባኤ ከተነገረለት ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ አልፎ፣ ዛሬም የጊኒር ልጅ ስለ ዋሻው በትምህርት ቤቱ ሊማር ሲፈልግ የሚያገኘው ከሩቅ ሰው የተጻፈውን ሁለት ሦስት መስመር ነው። 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ያንን ዋሻ በእግሩ የሚያውቅ፣ በክረምት ወይብ እስከ የትኛው ዓምድ እንደሚሞላ፣ የትኛውም መንገድ እንደሚዘጋ የሚያውቅ መንገድ መሪ ግን ከዚህ ሩቅ አይደለም። እርሱን ወደ ትምህርት ቤት የጠራው ሰው ማን ነው?

ዲስኩር የሚለው ቃል ከፈረንሳይ አገር የመጣ ቢሆን፣ ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚሁ በባሌ ምድር ኦዳ ሮባ የሚባለው የገዳ መሰብሰቢያ አለ። በኦዳ ጥላ ሥር ሕግ የሚወጣውም፣ ሙግት የሚሰማውም በቃል ነው፤ ሕግ አዋቂው ሲናገር ሌላው አቋርጦት አይገባም። የገዳም ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተጽፏል። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ ይዞ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይቀርባል፤ ቢሳሳት እዚያው ይታረማል፤ ቢሰርቅ እዚያው ይጋለጣል። እነዚህ ሁለት ማስተማሪያዎች በቋንቋም በሃይማኖትም ቢለያዩ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ያላወቀውን ነገር አደባባይ ይዞ የወጣ ሰው በሚያውቁት ፊት ያፍራል። የዛሬው ዲስኩር የጎደለው ይህ ይመስለኛል፤ ሰሚው አዋቂ ሲሆን ተናጋሪው ይጠነቀቃልና።

ከዚህ ወደ አገራችን ታላላቅ ተናጋሪዎች እንለፍ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲፈረም፣ ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ትርጓሜውን በዲስኩር ያስረዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እርሳቸው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱ፣ የጨርጨርንም ግዛት ያስተዳደሩ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ሙያቸው ይህን ያህል ሲበዛ ስለ ሁሉ ነገር መናገር ይችሉ ነበር። ሆኖም የዚያን ቀን እንዲናገሩ ያበቃቸው ማዕረጋቸው አልነበረም፤ ሕጉን ያረቀቁት እርሳቸው ስለ ነበሩ ነው። አንቀጹን የጻፈ ሰው አንቀጹ ለምን እንደ ተጻፈ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ዓመት፣ ጣልያን አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እኒሁ ሰው ናቸው።

ዶክተር መላኩ በያንን ደግሞ እንመልከት። በአሜሪካ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በጦርነቱ ጊዜ በኦጋዴን በኩል የቆሰለውን ሠራዊት አከሙ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተልከው በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ እየቆሙ ለጥቁር ሕዝብ ስለ አገራችን ተናገሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ማለቂያም የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር በኒውዮርክ አቋቋሙ። በ1932 ዓ.ም. በዚያው በባዕድ አገር ዐረፉ። ስለ ጦርነቱ የተናገረ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ ቁስል ሲናገሩ ቁስሉን በእጃቸው ያጠቡ ሰው ነበሩ። ሰሚው ይህን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ቤት ዕቃ እንምጣ። እናቶች እንዶድን ታውቁታላችሁ፤ ነጠላና ጋቢ የሚታጠብበት ፍሬ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሊያጠኑ ወደ ዐድዋ ወርደው ነበር። ይህን በሽታ ወደ ሰው የሚያደርሰው በውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተር አክሊሉም በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አገኙት፤ ከዚያ ርቆ ያለው ግን በሕይወት ነበረ። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። ኋላ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እንዶዱን መርምረው በየአገሩ ሊቃውንት ፊት ስለዚህ ፍሬ አስረዱ፤ በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠርም በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሁለቱ ተሸለሙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እነዚያ ሴቶች ከእናቶቻቸው ተምረው ነበር፤ አንድ የተማረ ሰው በሥራቸው አጠገብ ቆሞ ባይመለከት ግን ያ ዕውቀት ከወንዝ ዳር አይወጣም ነበር። አጣቢዋም ስለ ሥራዋ የምትናገርበት ጉባኤ ቢኖራት ኖሮ ነገሩ ምናልባት ቀድሞ ይታወቅ ነበር እላለሁ።

ሴቶች ልጆቻችንም በፍኖተ ሰላም ተወልደው ስላደጉት ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ይስሙ። በልጅነታቸው አንበጣ የገበሬውን አዝመራ ሲያጠፋ ያዩ፣ ኋላም የዕፅዋትን በሽታ ተምረው በናይሮቢ ያለውን ትልቅ የነፍሳት ምርምር ተቋም የመሩ ሴት ናቸው። የሚናገሩትም ስለ ሰብልና ስለ በሽታው ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ዝና ለመቁጠር አይደለም። በዚህ በባሌ ደጋ አንድ ዲስኩር ምን ያህል ኩንታል እህል እንደሚያወጣ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ገብቶ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዘር ክፉኛ መታው። ገበሬውም ቢጫ ዋግን የሚችል ነው ተብሎ ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. መኸር ደግሞ ሌላው ዋግ፣ የግንድ ዋግ የሚባለው መጣና ዲገሉን በአርሲም በባሌም አጠፋው። ሁለት ዋግ እንዳለ፣ አንዱን የቻለ ዘር ሌላውን ላይችል እንደሚችል፣ አገር ሁሉ አንድ ዘር ብቻ ሲዘራ አደጋው እንደሚበዛ፣ ይህን በሲናና ያሉት የእርሻ ተመራማሪዎች ያውቁታል። ቅጠሉ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ በየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚታይ ደግሞ የሚያውቀው ገበሬው ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ቆመው፣ አንዱ ሌላውን እየጠየቀ፣ ልጆች ቢሰሙ፣ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የአባቱን ማሳ የሚያይበት ዐይን ሌላ ይሆናል። አለዚያ ግን ትምህርት ማለት ከማሳ መሸሽ ነው ብሎ ያድጋል፤ ይህንንም የሚል ልጅ ዛሬ በየቤታችሁ አለ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር ባልፍ ነገሬ ጎደሎ ይሆናል። እኔ በአማርኛ ስናገር አጠገቤ የቆሙት መምህር ወደ ኦሮምኛ እየመለሱልኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እናንተም እንደምትሰሙት ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ጨዋታ ያውቃሉ መሰለኝ። ይህ ለአንድ ቀን መልካም ነው። ነገር ግን አንድ የስንዴ ገበሬ ስለ ዋግ ሲናገር፣ በሥራው ላይ ሳለ በሚያስብበት ቋንቋ ይናገር። የቅጠሉ ስም፣ የአፈሩ ስም፣ የዝናቡ ስም በዚያ ቋንቋ ነውና፣ ሲተረጎም ግማሹ ይፈስሳል። ኦሮምኛ ለጥልቅ ነገር አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ ያሳተሙት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1899 መሆኑን ይወቅ። ዛሬም ልጆቻችሁ የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ መምህራን እንዲህ ብታደርጉ እላለሁ። በወር አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ሳይሆን፣ አንድ የሥራ ሰው ወደ ትምህርት ቤት ጥሩ። አዋላጂቱን ጥሩ፤ እናት ሳትወልድ ደም ቢታይባት በየትኛው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ትንገር። የፓርኩን ጠባቂ ጥሩ፤ የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋልና፣ የእረኛ ውሻ ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮው እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዳ። ባለ ንቡን፣ ቀጥቃጩን፣ የጭነት መኪና ነጂውን ጥሩ። ባለ ሥልጣን ሲመጣም አትከልክሉ፤ ነገር ግን ስለ ያዘው ሥራ ብቻ ይናገር፤ ስለ መንገድ ሥራ የተሾመ ሰው ስለ መንገድ ይንገረን፤ ስለ ሰማይና ስለ ምድር መናገሩን ለሌላ ቀን ያቆይልን።

ዲስኩሩ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ተናጋሪው የሥራውን ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ማጭዱን ወይም ወንፊቱን ያየ ልጅ ቃሉን አይረሳም። ከዚያ ጥያቄ ይከተል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልጅ እንጂ ሽማግሌ አይጠይቅ፤ ሽማግሌ ከጠየቀ ልጅ ዝም ይላልና። መጨረሻም ከተማሪዎቹ አንዱ በተራው ጸሐፊ ሆኖ ስሙን፣ ቀኑን፣ የተናገረውንና ያልተመለሰውን ጥያቄ በደብተር ይጻፍ። ያልተመለሰው ጥያቄ በተለየ ገጽ ይቀመጥ፤ የሚመልሰው ሰው በሌላ ወር ይመጣ ይሆናል። ይህ ደብተር ለዓመት ቢጠበቅ፣ ስለ ጊኒር ምድር ለሚመጣው መምህር የሚሰጥ መጽሐፍ ነው።

ነገሬን ጨርሻለሁ። ከኋላ ረድፍ እጁን ያነሣው ልጅ ይጠይቅ።