ቃሉ ሳይገባን የምንወደው ዘፈን፦ ስፓኒሽ ሙዚቃ፣ ሬዲዮና የቆጠራ ጥያቄ



የዛሬውን ንግግሬን በኑዛዜ እጀምራለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ በዚሁ በኢሉባቦር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበርሁ። በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው የሚሰማውን ዘፈን የምመርጠው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ከአልጌ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ የአሊ ቢራን ካሴት አምጥቶ «ይህንን አሰማልን» አለኝ። እኔም «ኦሮምኛ የማይሰሙ ተማሪዎች አሉ፤ ሁሉም የሚረዳው ቢሆን ይሻላል» ብዬ ካሴቱን መለስሁለት። እርሱም ምንም ሳይናገር ተቀበለኝ። በዚያው ሳምንት አንድም ተማሪ ቃሉን የማያውቀውን የህንድ ፊልም ዘፈን ሦስት ጊዜ አጫወትሁ። በግቢው ውስጥ ደግሞ ኦሮምኛ የማይሰማ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር።

የሰጠሁት ምክንያት ሐሰት መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። «ሰው የማይገባውን ዘፈን አይሰማም» የሚለው አባባል በብዙ አገር የሬዲዮ ሰዎች አፍ ላይ ይገኛል። እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ከሁሉ የተሻለው አብነት የስፓኒሽ ቋንቋ ዘፈን በአሜሪካ ሬዲዮ የተጓዘው መንገድ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት «ሆት 100» የሚባለውን ሳምንታዊ የዘፈን ደረጃ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ሙሉ በሙሉ በስፓኒሽ የተዘፈነ ዜማ አንደኛ ለመሆን ግን እስከ 1987 መጠበቅ ነበረበት፤ እርሱም ሎስ ሎቦስ የተጫወቱት «ላ ባምባ» ነው። በ1996 «ማካሬና» የእንግሊዝኛ ስንኝ ተጨምሮለት 14 ሳምንት በአንደኛነት ቆየ። ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ዝምታ ሆነ። በ2017 የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች የሆኑት ሉዊስ ፎንሲና ዳዲ ያንኪ የተጫወቱት «ዴስፓሲቶ» 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ በወቅቱ ከነበረው ክብረ ወሰን ጋር ተስተካከለ።

በእነዚህ 21 ዓመታት ስፓኒሽ ተናጋሪው ሕዝብ ከአሜሪካ አልጠፋም፤ ዘፈኑም አልደረቀም። የቀረው በሩ ነበር። «ሆት 100» ሽያጭን፣ የሬዲዮ ሥርጭትን፣ ኋላም የኢንተርኔት አድማጭን አዋህዶ ይቆጥራል። የእንግሊዝኛ ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ ስፓኒሽ ዘፈን ወደ ስፓኒሽ ጣቢያ ይሂድ ብለው ያልፉታል። «ዴስፓሲቶ» ራሱ በጥር ወር ወጥቶ ወደ አንደኛነት የወጣው በሚያዝያ ጀስቲን ቢበር በእንግሊዝኛ ከገባበት በኋላ ነው። በሩ የተከፈተው በበረኛው ቋንቋ ከተንኳኳ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

የቆጠራው ስልት ራሱ ፍርድ አለበት። እስከ 1991 ድረስ የዘፈኑ ደረጃ የሚወጣው የሙዚቃ ሱቆችና ጣቢያዎች ራሳቸው በሚሰጡት ሪፖርት ነበር። በዚያ ዓመት ሽያጭና ሥርጭት በመሣሪያ መቆጠር ሲጀምር፣ ራፕና የገጠር ሙዚቃ ቀድሞ ከተገመተው በላይ ተደማጭ ሆነው ተገኙ። በ2012 የኮሪያው «ጋንግናም ስታይል» ዓለምን ቢያዳርስም በሬዲዮ ሥርጭት ስለተበለጠ ከሁለተኛነት አላለፈም። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የዩቲዩብ ተመልካች ወደ ቆጠራው ገባ። በ2022 ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስፓኒሽ የተዘፈነው የባድ ባኒ አልበም በቢልቦርድ የዓመቱ የአልበም ደረጃ ቀዳሚ ሆነ። እዚህ ላይ የአድማጩ ጆሮ በድንገት ተለወጠ ማለት ያስቸግራል፤ የሰፋው የመቁጠሪያው ዓይን ነው።

ይህ ታሪክ ከመቱ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ቅርብ ሆኖ ይታየኛል። የላቲን ምት ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የገባው በጎረቤታችን በጅማ በተወለደ ሰው እጅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ-ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት አልበሞች ቀርጿል። በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ተልከው የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ስፓኒሽን አፍ መፍቻ ያህል ለምደውት ነበር። በምዕራብ ኢትዮጵያም ዓረብኛ የማያውቅ ሰው በሠርጉ ላይ የሱዳን ዘፈን ማስጨፈሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጆሯችን ከቋንቋችን ቀድሞ ይሄዳል።

«ዴስፓሲቶ» በነገሠበት በዚያው በግንቦት 2017 የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ዝርዝር አንደኛ ሆኖ ነበር። እኛም ደስ አለን፤ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን «የዓለም» የተባለው ዝርዝር ከዋናው የተለየ ክፍል ነው። የተለየ ክፍል እንግዳን ያስተናግዳል፤ ከዋናው ማዕድም ያርቀዋል። በእኛም አገር ለየቋንቋው የተመደበው የሬዲዮ ሰዓት ይህ ሁለት ገጽታ አለው። የኦሮምኛ የሥርጭት ሰዓት ባይኖር ብዙ ዜማ ሳይሰማ በቀረ ነበር። ነገር ግን ዘፈኑ ከተመደበለት ሰዓት ወጥቶ በሌላው ሰዓት ካልተሰማ፣ አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤት አያውቀውም፤ የአማርኛውም ዘፈን እንዲሁ።

መቱ በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ ያላት ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረችና ድምፅ ከዚህ ተነሥቶ የምዕራቡን አገር ያዳርስ ነበር። ከዚህ ምን እንደተሰራጨ እናስታውሳለን፤ በጎሬ፣ በያዮ፣ በበደሌ ሕዝቡ በእርግጥ ምን ወድዶ ይሰማ እንደነበር ግን የቆጠረ የለም።

አለመቁጠር ዋጋ ያስከፍላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ ባለመብቱ እንዲከፈለው መንገድ ይጠርጋል። ሆኖም ስንት ጊዜ እንደተሰማ የማይታወቅ ዘፈን ባለቤቱ ምን ተብሎ ይከፈለዋል? በግምት የሚከፈል ከሆነ ገንዘቡ ስሙ ቀድሞ ለታወቀው ይሄዳል፤ በዳሪሙ ወይም በቡሬ ሠርግ የሚወደደው ዘፋኝ ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በበደሌ፣ በሻይ ቤት፣ በባጃጅ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ሳምንት ተቀምጣችሁ የሚሰማውን ዘፈን ሁሉ በሰዓቱ፣ በቋንቋው፣ በምንጩ መዝግቡ፤ ከሬዲዮ ነው ወይስ ከስልክ? ከዚያም በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ከተላለፈው ጋር አነጻጽሩት። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፤ ለባለሙያውም የመብት ማስረጃ መነሻ ይሆናል።

በምትመዘግቡበት ጊዜ ቋንቋውን የማታውቁት ዘፈን ሲያጋጥማችሁ «ባዕድ» ብላችሁ አትለፉት፤ ስሙን ጠይቁ። እኔ ያን ጊዜ ካሴቱን አሰምቼ ተማሪው ሲያጨበጭብ ወይም ዝም ሲል ብመለከት ኖሮ፣ ቢያንስ የማውቀው ነገር ይኖረኝ ነበር። ሳልሰማ ፈረድሁ። ጓደኛዬም ከዚያ በኋላ ሌላ ካሴት ይዞልኝ አልመጣም።