ብቻውን የሚያስመስል ሰው

በመሸንቲ በተደረገው የምሩቃን መሰባሰብ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ከምሳ በፊት አጭር ጊዜ ሰጥተውኛል። ከምሳ በፊት የሚናገር ሰው ማሳጠር እንዳለበት ግቢ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆመን ተምረናልና አላስረዝምም።

የማነሳው ጉዳይ ማስመሰል ነው፤ ሰው ያልሆነውን ሆኖ መታየት። ለዚህ ርዕስ መሸንቲ ላይ መገናኘታችን ጥሩ ሆኗል። አንደኛ ዓመት ስንገባ «ከየት ነህ?» ሲባል «ከባሕር ዳር» የሚል የመሸንቲ ልጅ ያልነበረበት ዶርም አለ? ስንት ሳቅንበት! ኋላ ግን መሸንቲ፣ ዘጌና ጢስ ዓባይ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ ልጁ እውነቱን ተናግሮ እንደነበር ታወቀ። ከሩቅ ገጠር መጥቶ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ያለው ግን እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘም።

በማስመሰል ማሳቅ የፈረንሳዮች የቆየ ሙያ ነው። ሞልዬር እ.ኤ.አ. በ1666 ለመድረክ ያበቃው፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት ኮሜዲ ለዚህ ምስክር ነው። አንድ እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይደበድባል። እሷም ልትበቀለው ትፈልግና ሐኪም ለሚፈልጉ ሰዎች «ባሌ ትልቅ ሐኪም ነው፤ ካልተደበደበ ግን አያምንም» ትላቸዋለች። ሰውዬው ዱላው ሲበዛበት «አዎ፣ ሐኪም ነኝ» ይላል። የምንስቀው እኛ ሁለቱንም ስለምናውቅ ነው። ይህ አገር የቅኔ አገር ነውና በሰምና ወርቅ ላስረዳ፦ ታማሚዎቹ ሰሙን ብቻ ያያሉ፣ ተመልካቹ ወርቁንም ያያል። ሳቁ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን ሙያ በዘመናችን በሚገባ ከያዙት አንዱ የፊልም ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሌአኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቡካሬስት ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ ሰው ነው። አባቱ ሲወለዱ ስማቸው ቡክማን ነበር። አይሁዳዊ ስለነበሩ በናዚዎች ዘመን ሕይወታቸውን ለማትረፍ ስማቸውን ወደ ሚሃይሌአኑ ቀየሩ። ልጁ እንግዲህ ለመትረፍ በተወሰደ ስም ነው ያደገው። ፊልሞቹም ደጋግመው ወደዚሁ ነገር ይመለሳሉ።

በ1998 የሠራው «የሕይወት ባቡር» በ1941 በምሥራቅ አውሮፓ ስላለ አንድ የአይሁድ መንደር ነው። ናዚዎች እየመጡ መሆኑ ሲሰማ መንደርተኛው ባቡር ይገዛና ራሱን በራሱ «ያግዛል»፤ ግማሹ እስረኛ፣ ግማሹ የጀርመን ወታደር መስሎ። ታዲያ የወታደር ልብስ የለበሱት ቀስ በቀስ አዛዥነቱ ይጥማቸዋል፣ እስረኞቹም ያጉረመርማሉ። ሞት በር ላይ ቆሞ እንኳ ያስቃል።

በ2009 የወጣው «ኮንሰርቱ» ደግሞ አንድሬ ፊሊፖቭ ስለሚባል ሰው ይተርካል። ፊሊፖቭ በሞስኮው ቦልሾይ የኦርኬስትራ መሪ ነበር። አይሁድ ሙዚቀኞቹን አላባርርም በማለቱ በብሬዥኔቭ ዘመን ተሽሮ በዚያው ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኗል። አንድ ቀን ቢሮ ሲያጸዳ ከፓሪሱ ሻትሌ ቴአትር ቤት የመጣ የግብዣ ፋክስ ያገኛል፤ ፋክሱን ኪሱ ይከትና አብረውት የተበተኑትን ጓደኞቹን መሰብሰብ ይጀምራል። አንዱ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኗል፣ ሌላው ሌላ። ቦልሾይ መስለው ፓሪስ ይገባሉ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች የውሸት ሙዚቀኞች አይደሉም። የተቀሙትን ማንነት ነው ለአንድ ምሽት የተዋሱት።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ይኸው ዳይሬክተር እኛን የሚነካ ፊልም ሠራ። ርዕሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ይነገርበታል። በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት፣ በፈረንሳይ ደግሞ ለድርሰቱ የሴዛርን ሽልማት አግኝቷል። ነገሩ ከጣና ማዶ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ወለቃንና አምቦበርን የመሳሰሉ የጎንደር ዙሪያ መንደሮች የቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመን ብዙዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በሺህ የሚቆጠሩት በመንገድና በመጠለያ አለቁ። «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በቆየ የአውሮፕላን ጉዞ ወደ 8,000 የሚጠጉት እስራኤል ገቡ።

በፊልሙ ውስጥ በዚያ መጠለያ አንዲት ክርስቲያን እናት አለች። የአንዲት ቤተ እስራኤላዊት ልጅ ሲሞት፣ ይህች እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን በሟቹ ቦታ ገፍታ ታሰልፈዋለች። «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን።» ልጁ የሟቹን ስም ይዞ ይሄዳል፣ ሽሎሞ ይባላል፣ አይሁዳዊ ሆኖ ያድጋል። እስራኤል ሲደርስ ገላውን ሲያጥቡት ውኃው ወደ ቱቦ ሲፈስ አይቶ በእጁ ሊያቆመው ይታገላል። ከድርቅ የመጣ ልጅ ነዋ! ማታ ማታ ለጨረቃ ያወራል፣ እናቱ ያችኑ ጨረቃ ታያለች ብሎ። ለእናቱ የሚላከውን ደብዳቤ አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ይጽፉለታል።

እዚህ ላይ ታሪክ ራሱ ከኮሜዲ የባሰ ነገር ሠርቷል። እውነተኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የሃይማኖት ባለሥልጣናቱ «አይሁድነታችሁ እንዲጸና በውኃ ተነከሩ» አሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ለተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። ለዘመናት በእምነቱ የኖረ ሰው «መሆንህን አስረዳ» ሲባል፣ ሽሎሞ የሚባለው ልጅ መሀላቸው ቆሟል። ማን ነው እንግዲህ የሚያስመስለው?

ሦስቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። የመንደሩም የኦርኬስትራውም ውሸት ከልጁ ውሸት ይበልጣል፤ ግን እነሱ ያስቁናል፣ ልጁ ያስለቅሰናል። ለምን? መንደሩ የሚያስመስለው አብሮ ነው። ሙዚቀኞቹም አብረው ናቸው፤ ሲደክማቸው እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። ልጁ ግን ብቻውን ነው። ማስመሰልን ኮሜዲ ወይም መከራ የሚያደርገው የውሸቱ መጠን ሳይሆን ምስጢሩን የሚያውቁልህ ሰዎች ቁጥር ነው። ሽሎሞ አድጎ ለሚስቱ ለሣራ እውነቱን ሲነግራት የሚያስቆጣት ክርስቲያን ሆኖ መወለዱ አይደለም። ያን ያህል ዘመን እሷን አለማመኑ ነው።

የኛም ዶርም እንደዚያ ነበር እኮ። ገንዘብ አልቆበት «በልቻለሁ» የሚለውን እናውቅ ነበር፤ ሳንናገር እንጀራውን እናቀርብለት ነበር። ውጤቱ ተበላሽቶ ለቤተሰቡ «ደህና ነኝ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው» ብሎ ስልክ ሲዘጋ ፊቱን ያየነው እኛ ነን። ዛሬ ስናስታውሰው የምንስቀው ብቻውን ስላልነበረ ነው።

ከኛ በኋላ የወጡት ግን ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ እናቱ እንዳታዝን ጠዋት ፋይሉን ይዞ «ሥራ ገባሁ» ብሎ ይወጣል፣ ቀኑን ሲዞር ውሎ በሥራ መውጫ ሰዓት ይመለሳል። ዓረብ አገር ያለችው እህታችን በተዋሰችው ልብስ ፎቶ ተነስታ ትልካለች። ስሙን ሲጠየቅ፣ አነጋገሩ ሲሰማ፣ የት እንደተወለደ ከመናገሩ በፊት ዙሪያውን የሚያይም አለ። እነዚህን ሰዎች «አስመሳይ» ብሎ መስደብ ይቀላል። እንጨት ቆራጩን ሐኪም ነኝ ያሰኘው ግን ዱላው ነው፤ መጀመሪያ ዱላውን እንይ።

ማኅበራችን ለሁሉም ሥራ ሊያገኝ አይችልም፤ አዋቂዎች ነን፣ አንዋሽ። ነገር ግን እያንዳንዳችን ከኛ በኋላ ከተመረቁት አንድ ልጅ ስልኩን መያዝ እንችላለን። «ሥራ አገኘህ?» ብሎ መጠየቅ አይደለም፣ እሱን ሁሉም ይጠይቀዋል፤ ማስመሰል የሚጀምረውም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ነው። «እኔ ዘንድ እውነቱን መናገር ትችላለህ» ማለት ነው። የዛሬውን የስም መመዝገቢያ ስትሞሉ፣ ከራሳችሁ ስልክ ቀጥሎ የአንድ ወጣት ምሩቅ ስልክ እንድትጽፉና በዓመቱ ውስጥ እንድትደውሉ አደራ እላለሁ።

ሽሎሞ በፊልሙ መጨረሻ የእውነት ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን መጠለያ ይመለሳል። እናቱን ያገኛታል። እሷ ዘንድ ስም መቀየር፣ ማስረዳት፣ መምሰል አያስፈልገውም። ሁላችንም እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያስፈልገናል፤ ለሌላውም እንዲህ ያለ ሰው መሆን እንችላለን።

ምሳው ደርሷል መሰለኝ።